ጀልባዋን ያናወጣት የአባቴ እጅ

መዋሸት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ አይሆንልኝም ነበር፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል። ስልክ ግን ፊት አያሳይም። አባቴ ደውሎ «እህሳ ዘሃራ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?» ሲለኝ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አጥር ጥግ ቆሜ፣ ዓይኔ በለቅሶ አብጦ፣ «አለፍኩ አባ» አልኩት። አላለፍኩም ነበር። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል ያመጣችብኝ ጣጣ ነው፤ ጣጣው ባይመጣ ኖሮ ግን፣ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ አብራሪ አልሆንም ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የሐይቅ ከተማ ልጅ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ሐሰን ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም፤ ከእኔ ሌላ ወሬም የለውም። ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ እኔ ሳይሰማ አይወጣም።

የማብረር ትምህርቴን በትንሿ አውሮፕላን ስማር ምንም አልቸገረኝም። ትንሿ አውሮፕላን ይቅር ባይ ናት፤ ብታጠፉም ታግሳ ትመልሳችኋለች። ጄት ላይ ስንደርስ ግን ነገር ዓለሙ ተለወጠ። እስቲ በቀላሉ ላስረዳችሁ። የትንሿ ክንፍ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው። የጄት ክንፍ ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት ተጠግቶ ለመብረር እንደዚያ መሆን አለበት። ችግሩ ይኸውላችሁ፦ ነፋስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ግራ ቢገፋው የቀኙ ክንፍ ወደ ፊት ይቀድማል፣ አየር ይበዛለታል፣ ይነሳል። ያንኑ ክንፍ ደግሞ አየሩ ወደ ኋላ ይጎትተውና አፍንጫውን ይመልሰዋል፤ ግን አሳልፎ ይመልሰዋል። አሁን ተራው የግራው ክንፍ ይሆናል። አውሮፕላኑ እንዲህ እየተወዛወዘ፣ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ እየጣለው ይሄዳል። ደች ሮል ይሉታል።

ዝቅ ብሎ ያለው ወፍራም አየር ይህን ውዝዋዜ ቶሎ ያበርደዋል። ከፍ ያለው ስስ አየር ግን ዝም ብሎ ያያል። ለዚህ ሲባል በእግር ፔዳል የሚታዘዘውን የጭራ ክፋይ በራሱ እያንቀሳቀሰ ውዝዋዜውን ገና ሲጀምር የሚያጠፋ መሣሪያ ተገጥሟል። ፈተናዬ ያ መሣሪያ ሥራ ሲያቆም ምን አደርጋለሁ የሚል ነበር። መልሱን እንደ ፋቲሃ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እግርን ከፔዳሉ ላይ ማንሳት፣ የእጅ መሪውን በትንሹ ብቻ መንካት፣ ፍጥነት መቀነስ፣ ወደ ወፈረው አየር መውረድ። በጽሑፍ ፈተናው ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ።

ሲሙሌተር ውስጥ ግን፣ ማለት እንደ እውነተኛ አውሮፕላን በሚነቃነቀው መለማመጃ ክፍል ውስጥ፣ ፈታኙ ካፒቴን መሣሪያውን ሲያጠፋው ያወቅኩት ሁሉ ከራሴ ውስጥ ተነነ። ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ አዞርኩ። ወደ ቀኝ ሲሄድብኝ ወደ ግራ። በእጄ አልበቃ ሲለኝ በእግሬ ጨመርኩበት። ባገዝኩት ቁጥር ባሰበት። በመጨረሻ ምድሩና ሰማዩ ቦታ ሲለዋወጡ ካፒቴኑ ስክሪኑን አስቆመውና በጣም በትሕትና «እዚህ ላይ ሁላችንም ሞተናል» አለኝ።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አልኩት።

«ታውቂዋለሽ እኮ። አውሮፕላኑ ለመረጋጋት ነው የተሠራው። አንቺ ነሽ ዕድል የነፈግሽው። ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ትደግሚዋለሽ። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም።»

ይህን የሰማሁ ቀን ነው አባቴ የደወለው።

ሦስት ቀን አልቅሼ በአራተኛው ቀን ወደ ቤት ሄድኩ። ሐይቅ ላይ ከሚኒባሱ ገና ስወርድ አንድ የባጃጅ ሹፌር «ካፒቴን! ዛሬማ በነፃ ነው የማደርስሽ!» ብሎ ሻንጣዬን ቀማኝ። አባቴ ማለፌን ያልነገረው ሰው አልነበረም። ይባስ ብሎ በማግስቱ ሐሙስ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ የምስጋና ዱዓ ጠርቷል። የሚታረደው በግ ግቢው ውስጥ ታስሮ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ። ከሁለታችን ማን እንደባሰበት እንጃ።

ዱዓው ላይ ሰፈርተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ሼህ እንድሪስ፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ።

«ያ ረቢ፣ ለዚህች እናት የሌላት ልጅ በሰጠኸው ድል ሹክር እናደርሳለን!»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«ያንን የሰማይ ፈተና ላሳለፍኻት ሹክር!»

«አሚን!»

የእኔ አፍ አልከፈት አለ። አባቴ በክርኑ ነካ አደረገኝና «አሚን በይ እንጅ ልጀ» አለኝ። በአላህ ፊት፣ በዚያ ሁሉ በተዘረጋ እጅ መሃል፣ በውሸት ላይ አሚን ማለት አቃተኝ።

«አላለፍኩም» አልኩ።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ሳያወርዱ ዞሩ። «ምን አልሽ ልጀ?»

«ወድቄያለሁ ሼሃችን። አባን ዋሽቼው ነው። አንድ ሙከራ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሼህ እንድሪስ አሰብ አደረጉና «እንግዲያው ዱዓችን አልተበላሸም፤ ቀድመን አመስግነን ነው እንጅ። አሁን ደሞ እንለምናለን። ያ ረቢ፣ አሳልፋት!» አሉ። ቤቱ ከፊተኛው በበለጠ ድምፅ አሚን አለ። አባቴ ግን ተነስቶ ወጣ። የሱቁ የብረት በር ሲከፈት እስከ ቤት ተሰማኝ። ያን ዕለት አንዲት ቃል አልተናገረኝም።

ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ቆመ። «ጫማሽን አድርጊ።»

«የት ልንሄድ አባ?»

«ውሸቱን ያዞርሁት እኔ ነኝ፤ በየቤቱ፣ በየሱቁ። እውነቱን ግን አንች ታዞሪዋለሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

እንደ ቀልድ እንዳታዩት። በእኛ አገር ያልሆነ ነገር ብለህ ሰው ካሳሳትህ ዝም ብለህ አታልፍም፤ የተባለበት ቤት ድረስ ሄደህ ታቃናዋለህ። ልብስ ሰፊው ጋ ሄድን። ዳቦ ቤት ሄድን። እኔ «ወድቄያለሁ፣ አባ የነገራችሁ ውሸት ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» እላለሁ፤ አባቴ እንደ ምሰሶ አጠገቤ ይቆማል። የመጀመሪያው ቤት ላይ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አምስተኛው ላይ ግን ነገሩ ቀለል እያለኝ መጣ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ «ወላሂ እኔ መንጃ ፈቃድ ሦስቴ ወድቄያለሁ፤ ያውም መሬት ላይ!» ብሎ ሁለት ዳቦ ሰጠኝ። ጎረቤታችን እማማ ተዋበች ደግሞ «እኔማ ለግሸን ማርያም ጥላ ተስዬልሽ፣ ስለቴ ደረሰልኝ ብዬ ጥላውን ልገዛ ነበር። በይ እንግዲህ እስክታልፊ እመቤቴ በትዕግሥት ትጠብቀኝ» አሉ። አባቴ ፈገግ አላለም።

የቀረን አንድ ቤት ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ ያለችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ። በእግር ዞሮ ለመሄድ ቀኑ አይበቃም፤ ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ ፀሐይ አዘንብላለች፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለብኝ። የእናቴ ወንድም ይማም ዓሣ አጥማጅ ነው። በእሱ ጀልባ መሻገር ግድ ሆነ።

ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር ያረጀው አባቴ ውሃውን የሚያውቀው ከሰላት በፊት ለሚታጠበው ውዱእ ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይማም ጠባቧን የእንጨት ጀልባ ዳር ላይ ይዞ «ጋሼ ሐሰን፣ መሃል ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያድርጉ፤ አብሽር፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ» አለው። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ገባ። እኔ ከፊት፣ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ ተቀመጥኩ። ይማም ከኋላ ሆኖ መቅዘፍ ጀመረ። ለሁለት ሰው የምትሆነው ጀልባ ሦስት ሰው ስትሸከም ጠርዟ ወደ ውሃው ቀረበ።

እኩሌታው ድረስ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ከዚያ የከሰዓቱ ነፋስ ከአምባሰል ተራሮች በኩል መጣ። የመጀመሪያው ማዕበል ከጎን ገፋንና ጀልባዋ ወደ ግራ አዘነበለች። ዘንበል ማለቷ ትንሽ ነው፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አባቴ ግን «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ብሎ ሁለቱን ጠርዞች በሁለት እጁ ጨመደደና መላ ሰውነቱን ወደ ቀኝ ወረወረ።

ጀልባዋ በዚያን ጊዜ በራሷ ወደ ቀኝ እየተመለሰች ነበር። የእሱ ክብደት ሲጨመርባት አልፋ ሄደች። እሱ ደንግጦ ወደ ግራ ተወረወረ። እሷ ደግሞ ቀድማው ወደ ግራ እየመጣች ነው። ውሃ በጠርዙ ገብቶ እግሬን አረሰኝ።

«ጋሼ፣ ይተዋት!» ጮኸ ይማም። «ተመላሽ ናት፣ ይተዋት!»

«ብተዋትማ እንሰጥማለን!» አለ አባቴ፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ፈርቻለሁ፤ አባቴ ዋና አይችልም፤ እኔም የምችለው ለወሬ ያህል ነው። ነገር ግን በፍርሃቱ መሃል የአባቴን እጆች አየኋቸው። አባቴ ሞኝ አይደለም። ዓይኑ ያየውን ልክ ነበር የሚያስተካክለው፤ ግራ ስትል ቀኝ፣ ቀኝ ስትል ግራ። ግን ዓይኑ አይቶ፣ ልቡ ደንግጦ፣ እጁ እስኪታዘዝ ድረስ ጀልባዋ ሥራዋን ጨርሳ እየተመለሰች ነው። እርዳታው ሁሌም ዘግይቶ ይደርስና እርዳታ መሆኑ ቀርቶ ግፊያ ይሆናል። እያንዳንዱን ውዝዋዜ ራሱ እያሳደገ፣ ያሳደገውን መልሶ ይፈራዋል።

ሲሙሌተር ውስጥ የነበረችውን ራሴን ቁጭ ብዬ አየኋት።

«አባ፣ ልቀቅ!» አልኩት። አልሰማኝም። የሚሰምጥ ሰው የያዘውን በቃል አይለቅም። ስለዚህ ከመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ጀልባዋ ወለል ላይ ውሃው ውስጥ ተንበረከክኩና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጠርዙ ላይ ፈለቀቅኋቸው። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ሁለቱንም በእጄ ያዝኩ።

«እኔን ያዘኝ። ሌላ ምንም አትያዝ። ዝም በል።»

ከትናንት ጀምሮ ፊት የነሳኝ አባቴ እጄን አጥንቴ እስኪንቋቋ ድረስ ጨበጠኝ። ጀልባዋ አንድ ጊዜ በኃይል ወደ ቀኝ ሄደች። አባቴ እጁን ሊነጥቀኝ ታገለ፤ አልለቀቅኩትም። ወደ ግራ መጣች፤ ከፊተኛው ትንሽ አነሰች። እንደገና ቀኝ፤ አነሰች። ከዚያማ የሕፃን አልጋ ሆነች። ይማም አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መለሳትና በረጅሙ ተነፈሰ።

ይማም የገባውን ውሃ በቁራጭ ጀሪካን እየቀዳ ሲደፋ አባቴና እኔ እንደተያያዝን ነበርን። እጆቹ በቆርቆሮ ስለት የተቆራረጡ፣ ጠባሳ በጠባሳ ናቸው።

«ለምንድን ነው የዋሸሽኝ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የምታፍርብኝ መስሎኝ።»

«በመውደቅሽ?» ራሱን ነቀነቀ። «የመውደቁን ነገር ተይው። መዋሸትሽም ቆይቶ ይበርድልኛል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እኔ እዚህ ለሰው እየፎከርሁ፣ ልጀ እዚያ ለብቻዋ ስታለቅስ ከረመች። ይኸ ነው ያቃጠለኝ።»

ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቄ መጣ። «አባ፣ የወደቅኩት እኮ ልክ አንተ አሁን ያደረግኸውን አድርጌ ነው!»

«እኔ ምን አደረግሁ? ባግዛት ኃጢአት ነው?»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እገዛማ ለዓሦቹ ነበር» አለ ይማም ከኋላ። አባቴ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

አክስቴ ዘይነባ ደጃፏ ላይ ርሰን ስታየን ደነገጠች። ወድቄያለሁ ስላት ደረቷን ይዛ «ከላይ? ከነአውሮፕላኑ?» አለች። ፈተና መሆኑን ስነግራት «አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ፈተና ላይ መውደቅ ምን አለው፣ ሰው አይሞትበት!» ብላ አባቴን ተቆጣችው። ሲመሽ ግን አባቴ ጀልባ ሲባል አሻፈረኝ አለ። እዚያው አድረን ጎህ ሲቀድ በእግራችን ዞረን ተመለስን። መንገዱ ረጅም ነበር፤ በሕይወቴ ከሄድኩባቸው መንገዶች ሁሉ ግን እንደዚያ የወደድኩት የለም።

የድጋሚ ፈተናዬ ቀን ካፒቴኑ ምንም ሳይናገር መሣሪያውን አጠፋው። አፍንጫው ዞር አለ፤ ክንፉ ተነሳ፤ እጄ ሊፈጥን አማረው። ያኔ የአባቴ ጣቶች ትዝ አሉኝ። እግሬን ከፔዳሎቹ ላይ አንስቼ ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። መሪውን ከመጨበጥ ይልቅ በሁለት ጣት ነካሁት። ክንፉ ከልክ በላይ ሲነሳ በትንሹ ነካ አድርጌ ወዲያው መለስኩ፤ አላሳደድኩትም። ፍጥነቱን ከልክ ሳላሳልፍ ቀነስኩ፤ እዚያ ከፍታ ላይ በጣም በፈጠነውና በጣም በዘገየው መሃል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ከዚያ ቀስ እያልኩ ወደ ወፈረው አየር ወረድኩ። ውዝዋዜው አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። ካፒቴኑ ወረቀቱ ላይ ጻፈና እጄን ጨበጠኝ።

አንባቢዎቼ፣ ሁሉን ነገር ተዉት፣ በራሱ ይስተካከላል እያልኳችሁ አይደለም። እንደዚያ ብዬ ብመክራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ፍጥነት አጥቶ የሚወድቅ አውሮፕላን ላይ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች አብራሪ አትተርፍም። እኔ የተማርኩት ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ከመንካቴ በፊት «ይህ ነገር ለመመለስ የተሠራ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከባሌ ጋር ስጣላ፣ ረዳቴ ሲሳሳት፣ ልጄ ስታኮርፍ ያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አትርፎኛል። ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም፤ ባሌን ብትጠይቁት ይነግራችኋል። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ተለውጧል፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ዋሽቼ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ከሲሙሌተሩ ወጥቼ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ደወልኩ።

«አለፍኩ አባ።»

«ፈታኙ አጠገብሽ አለ?» አለኝ።

ፊቴ በእፍረት ነደደ። ይበለኝ፤ አንዴ የዋሸ ሰው ምስክር ቢጠየቅ ምን ይደንቃል? ስልኩን ለካፒቴኑ ሰጠሁት። እሱ ያዳምጣል፤ «አዎ አባቴ… ኧረ ምንም አይደል… ኧረ ሥራዬ ነው» ይላል። ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኑ ረጥቧል።

«አሁን አመንከኝ?» አልኩት አባቴን።

«አንችንማ ገና ስትነግሪኝ አምኛለሁ።»

«ታዲያ እሱን ምን ልትጠይቀው ነው የፈለግኸው?»

«መጠየቅ አይደለም፤ ላመሰግነው ነው። ሳትችይ አሳልፎሽ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ሰማይ ላይ ነበር የምትወድቂብኝ። በፊት ስለጣለልኝ ነው ያመሰገንሁት።»

ግድግዳውን ተደግፌ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አፍንጫዬን ስስብ ሰማኝ።

«ታለቅሻለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«በይ እንግዲያው ስልኩን አትዝጊው» አለኝ።